ጥላ የሚከተል የጦር ሜዳ

የጦር ሜዳ አስጎብኚ የሚባል ፍጥረት ገጥሟችሁ ያውቃል? የእኛ ድሬዳዋ አንድ አላት፤ ባለጋሪው አብዲ። ከባቡር የወረደውን እንግዳ ሁሉ ጭኖ ከጣሊያን ጋር የተዋጋንበትን ስፍራ ያሳያል። የተዋጋነው እኛ፣ ቦታውን የሚያውቀው እሱ!

አብሮኝ ዘምቶ እዚያው የቀረ ጓደኛ ነበረኝ። እህቱ በቀደም ከአዲስ አበባ መጥታ «ወንድሜ የወደቀበትን አሳየኝ» አለችኝ። የተዋጋንበት፣ በሁለት ገደል መሃል ያለው የአሸዋ ወንዝ በየክረምቱ መልኩን ስለሚለውጥ ቦታው ጠፋኝና በጠዋት አብዲን ይዘን ሄድን። አብዲ ከምሥራቁ ገደል ጥላ ሥር ጋሪውን አቁሞ «ልክ እዚህ ነው» አለ። እህትየው አልቅሳ ወጣላት።

ከሰዓት ደግሞ አብረዋት መጥተው ጠዋት ደክሟቸው የቀሩትን እናቱን ይዘን ተመለስን። አብዲ አሸዋውን ተሻግሮ ከምዕራቡ ገደል ጥላ ሥር ቆመና «ልክ እዚህ ነው» አለ። አሮጊቷ ተንበርክከው መሬቱን ሳሙ።

አብዲን ወደ ጎን ሳብ አድርጌ «ጠዋት ወዲያ ማዶ አልነበረም እንዴ?» አልኩት።

«አቦ ጋሼ፣ በዚህ ሐሩር እናትን ፀሐይ ላይ አቁሜ ላስለቅስ?» ብሎ ተቆጣኝ።

ወዲህ ይሁን ወዲያ፣ እስከ ዛሬ ግራ እንደገባኝ ነው። ከውጊያው ቀን በደንብ የማስታውሰው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ጥላ አልነበረም።