በእድራችን ኮምፒውተር ማን ምን ይችላል

ሰው ሁሉ እኩል ነው ስትሉ እሰማለሁ። መልካም፤ ኮምፒውተር ውስጥ ግን አትሞክሩት። እዚያ አንዱ አይቶ እንዲወጣ ብቻ ይፈቀድለታል፣ ሌላው ይመዘግባል፣ ሌላው ደግሞ የተመዘገበውን ይሽራል። ሁሉም በየስሙና በየይለፍ ቃሉ ይገባል፤ ባልተፈቀደለት ላይ እጁን አያሳርፍም። እኔም ይህን ሥርዓት ሳደንቅ ኖሬያለሁ፤ እስከሞትኩበት ቀን ድረስ።

የሞትኩት ለቡ መብራት ኃይል፣ የእድራችን ቢሮ ውስጥ ነው። ያን ጠዋት አማቴ አርፈው ባለቤቴ እያለቀሰች ነበር፤ ሰማዩ ጠቁሯል፤ ለቀስተኛው ደጃችን ላይ ቆሟል። ለእድሩ ደወልኩና ድንኳን ላወጣ እየተጣደፍኩ ደረስኩ። መዝጋቢዋ ትዕግስት ገና ስታየኝ ክው አለች።

«ውይ ጋሼ! ኮምፒውተሩ ሞተዋል ይላል እኮ!»

«ማን?»

«እርስዎ! ከቤታችን ሰው ሞተ ሲሉኝ፣ በአማትዎ ፈንታ እርስዎን ነክቼ…»

«መልሺኛ ታዲያ!»

«አልችልም። ሞት መመዝገብ እንጂ መሻር አልተፈቀደልኝም። የሞተ አባል ደግሞ ድንኳን አያወጣም። ባለቤትዎ መጥተው ለእርስዎ ቢጠይቁ ግን ወዲያው ነው።»

እስቲ ፍረዱኝ። እናቷን ያጣችን ሴት፣ «ሂጂና ባሌም ሞቷል በያቸው» ልበላት?

«የሚሽረው ማነው?» አልኳት።

«ጋሽ ደምሴ።»

አሁን ክው ማለት የእኔ ተራ ሆነ። የቀድሞው ጸሐፊያችን ጋሽ ደምሴ ባለፈው ክረምት ሞተው ሀና ማርያም ቀብረናቸዋል። አፈር ካለበሷቸው አንዱ እኔ ነኝ! ኮምፒውተሩ ውስጥ ግን ሙሉ ሥልጣን ይዘው አሉ። ተዝካራቸው ሳይወጣ ስማቸውን መሰረዝ ነውር ነው ተባለ፤ ከወጣ በኋላ ደግሞ ማን ይጨክን? እኔ በስህተት ሞቼ፣ እሳቸው በይሉኝታ ይኖራሉ።

ሊቀመንበሩ ጋሽ ታደሰ ጩኸቴን ሰምተው ገቡና ለጋሽ ደምሴ ሚስት ለእትዬ የሺ ደወሉ። እትዬ የሺ የይለፍ ቃሉን በስልክ ነገሯቸው፤ «እሱ ሰው ተቸግሮ መቼ ዝም ብሎ ያውቃል?» ሲሉ ለቅሷቸው በስልኩ ተሰማ። ትዕግስት አስገባችው። «እንኳን ደህና መጡ አቶ ደምሴ» አለ ኮምፒውተሩ። ጋሽ ደምሴ በትዕግስት ጣት አንዴ ነካ አደረጉኝ፤ ተነሣሁ።

ድንኳኑ አይሱዙ ላይ ሲጫን የተማረ ሰውነቴ አላስቀምጥ አለኝ። «ጋሽ ታደሰ፣ ይሄ አደገኛ ነው። የሟቹን መግቢያ ዝጉና መብቱን በሕይወት ላለ ሰው ስጡት።»

ጋሽ ታደሰ ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «ምን ዓይነት ሰው ነህ አንተ? ከሞት ከተነሣህ ገና ሻይ እንኳ ሳትጠጣ፣ ያስነሣህን ሰው ልትቀብር?»

አፍሬ አይሱዙው ላይ ወጣሁ። ደግሞስ፣ ትዕግስት ነገ እንደገና ብትስት ከጋሽ ደምሴ ሌላ ማን አለኝ?