በቅሎዋ የማን ናት?

ስለከዳች ሚስት የሚዘፍን አዝማሪ ሁሉ መጨረሻውን አንድ ዓይነት የሚያደርገው ለምንድን ነው? ባል ሳይታሰብ ይደርሳል፣ ጎራዴ ይመዘዛል፣ ሁለት ሬሳ ይወድቃል፤ አድማጩም "አበጀህ!" ይላል። እኔ የማከብረው ግን ሌላ ዓይነት ባል ነው። አንዱን ወልቂጤ አውቀዋለሁ።

አቶ ወልዴ አዲስ አበባ ከሚነግድበት ሳይጠበቅ ቢመለስ፣ የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ በቅሎ ደጁ ላይ ታስራ አገኘ። ጉሮሮውን ጠረገ። ጸሐፊው በጓሮ በር ወጥቶ በእንሰቱ መካከል ፈረጠጠ፤ በቅሎዋ ቀረች። ጎረቤቱ "ጠመንጃህ የት አለ?" ቢለው፣ "በቅሎዋ ምን አጠፋች?" አለ።

በአገራችን የጠፋ ከብት ያገኘ ሰው በገበያ ቀን ያስለፍፋል። ወልዴም አስለፈፈ።

"ባለቤቷ የት እንዳሰራትና ለምን እንዳሰራት ተናግሮ ይውሰዳት!"

ጸሐፊው እዚያው ቆሟል። ገበያተኛው ሁሉ ዞሮ ሲያየው፣ እሱ የዝናቡ ነገር ያሳሰበው ይመስል ሰማይ ሰማዩን ያያል።

"ጌታው፣ የእርስዎን አትመስልም?" አለችው አንዲት ቅቤ ሻጭ።

"ንጉሥ ይሙት፣ እኔ በእግሬ መሄድ ነው የምወደው!"

ይኸው ለሥራው ጉብሬ ድረስ በእግሩ ይመላለሳል። ከዚህ የከፋ ፍርድ የትኛው ዳኛ ይፈርዳል?

ከገበያ ሲመለሱ የወልዴ ሚስት፣ "ጓዜን ልሰብስብ ወይስ ትገድለኛለህ?" ብላ ጠየቀችው። መልሱን የነገረኝ ራሱ ወልዴ ነው፤

"ጓዙን ተይውና ሣር አምጪላት። ይህችን በቅሎ ቤታችን ያመጣሻት አንቺ ነሽ።"