ለጣሊያንኛ ክፍል የተተከለ ድንኳን

ሰው የሚረዳዳው በሚያውቀው ደንብ ነው። እኛ ሚዛን አማን ያለን ሰዎች የምናውቀው ደንብ ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ የዕድር ደንብ። ቤት የተቃጠለበትን፣ መኪናው ገደል የገባበትን፣ ልጁ ፈተና የወደቀበትን ሳይቀር የምንደርስለት በዚያው ነው። ወንዶቹ አግዳሚ ወንበር ይሸከማሉ፣ ሴቶቹ ንፍሮ ይቀቅላሉ። ሕመሙ ምንም ይሁን ምን መድኃኒቱ አይቀየርም። ትስቁ ይሆናል። እኔ ግን ደንቡን እወደዋለሁ፤ ብዙ ወሬ አይጠይቅም።

ወሬ አይሆንልኝም። አማን ገበያ አጠገብ ሚስማርና ቆርቆሮ እሸጣለሁ። ሚስማር የሚገዛ ሰው ቁጥሩን ይነግረኛል፣ መዝኜ እሰጠዋለሁ፣ ይሄዳል። እንዲህ ያለ ሰው የዩኒቨርሲቲ ጣሊያንኛ ትምህርት ክፍል ደጋፊ ኮሚቴ ውስጥ ምን ሊሠራ ገባ ብትሉኝ፣ በዋጋ ክርክር ነው የገባሁት።

አንዲት ወጣት መምህርት ከተማሪዋ ጋር ሱቄ መጥታ የበር ቁልፍ ዋጋ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ወደ ተማሪዋ ዞር አለችና በጣሊያንኛ፣ "ይህ ሰውዬ ሊገፈን ነው፣ ሌላ ሱቅ እንሂድ" አለቻት። እኔም ሳላስበው በዚያው ቋንቋ፣ "ሂዱ፤ ግን ሌላውም ከእኔ ነው የሚወስደው" አልኳት።

ሁለቱም ደርቀው ቀሩ። እኔም ደርቄ ቀረሁ። ያ ቋንቋ ከአፌ ከወጣ ስንት ዘመኑ!

"ጋሼ፣ የት ተማሩት?" አለች መምህርቷ። ሰናይት ትባላለች።

"ሥራ ላይ።"

"ምን ሥራ ላይ?"

"መንገድ ሥራ ላይ።"

ከዚያ በላይ አልነገርኳትም። ቁልፉን ባልኳት ዋጋ ገዝታ ሄደች። በሳምንቱ ግን ተመልሳ መጣችና ተማሪዎቿ ከመጽሐፍና ከስልክ በቀር ጣሊያንኛ የሚናገር ሰው ሰምተው እንደማያውቁ ነገረችኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ለአንድ ሰዓት ብቻ መጥቼ እንዳጫውታቸው ለመነችኝ። ማጫወት! እኔን!

ሄድኩ። እዚያ ስደርስ ብቻዬን አልነበርኩም። ዶክተር መስፍን አለ፤ በወጣትነቱ ጣሊያን አገር እርሻ የተማረ፣ ጡረታ ከወጣ በኋላ ያለ ክፍያ የሚያስተምር ሰው ነው። የሱቅ ጎረቤቴ ጋሽ ከድርም አለ። ጋሽ ከድር ቡና ነጋዴ ነው፣ የዕድራችንም ሰብሳቢ ነው። ጣሊያንኛ አንድ ቃል አያውቅም። "ቡናችንን ከሚጠጣ ሰው ጋር መነጋገር ይጠቅመናል" ብሎ፣ ለተማሪዎቹ የተቀቀለ ጎደሬ ከነዳጣው አስጭኖ ይመጣና፣ አስቀምጦ፣ ተሰናብቶ ይሄዳል። ደጋፊ ኮሚቴ የተባልነው እኛው ሦስታችን ነን።

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ያ አንድ ሰዓት ሁለት ሰዓት ሆነ። የሚያወራውም እኔ ነበርኩ። በአማርኛ ስለ ወጣትነቴ ባወራ የሚሰማኝ ሰው ያውቀኛል፣ ያዝንልኛል፣ ማግሥቱን ሱቄ መጥቶ "አይዞህ" ይለኛል። ጣሊያንኛ የሚማሩ ልጆች ግን የሚያዳምጡት ግሱን ነው። ምን ያህል እንደተራብኩ ስነግራቸው ጻፍ ጻፍ አድርገው፣ "ጋሼ፣ ያችን ቃል ይድገሙልን" ይሉኛል። እደግምላቸዋለሁ። ቤቴ ስገባ ሸክም አውርጄ እንደመጣሁ ሁሉ ትከሻዬ ይቀለኛል። ሚስቴ እንኳ፣ "እዚያ ግቢ ምን ይሰጡሃል?" ብላኛለች።

ታዲያ አንድ ቀን ሰናይት ዓይኗ ቀልቶ መጣች። ክፍሉ ሊዘጋ ነው። የተማሪው ቁጥር አነሰ፣ የደመወዝ መምህር እሷ ብቻ ናት፣ አካባቢው ጣሊያንኛ ምን ያደርግለታል ተብሏል። ከአዲስ አበባ ገምጋሚ ቡድን መጥቶ የአካባቢውን ሰው አነጋግሮ ይወስናል። ከተዘጋ ልጆቹ በየክፍሉ ይበተናሉ፣ የደከሙበት ሁሉ ውኃ ይበላዋል፤ እሷም ሻንጣዋን ትይዛለች። የእኔን ቅዳሜ ማንም አላነሳውም። እኔም አላነሳሁትም።

"የት ነው የምናነጋግራቸው?" አለ ጋሽ ከድር።

"አዳራሹ ለፈተና ተይዟል" አለች ሰናይት። "ሜዳው ላይ እንዳይሆን ደግሞ ዝናቡ..."

"ድንኳን እያለን?" አለ ጋሽ ከድር። ነገሩ አለቀ።

ማንም ክፉ አላሰበም፤ ይህን ልብ በሉልኝ። የዕድሩ ልጆች ድንኳን ትከሉ ተባሉ፣ እንደሚያውቁት ተከሉ። ወንበሩን በሦስት ወገን ደረደሩ፣ መሐሉን ባዶ ተዉት። ዶክተር መስፍን ባዶው ደስ አላለውም፤ ጠረጴዛ አግብቶ ነጭ ጨርቅ አለበሰና ክፍሉን የመሠረቱትን ጣሊያናዊ መምህር ፎቶግራፍ በትልቅ ፍሬም አቆመበት። ሰውየው ፎቶው ላይ ፈገግ ብለዋል። ሴቶቹ "ለድንኳኑ እንግዳ አለ" ተባሉ፣ ንፍሮ ይዘው መጡ። ጠዋቱ ጉም ነበር፣ ብርድ ነበር፤ ሁላችንም ጋቢያችንን ደርበን ተቀመጥን።

የገምጋሚዎቹ መኪና ግቢው ውስጥ ገብቶ ሲቆም አንዲት ወደ ገበያ የምታልፍ ሴት ድንኳኑን አየች። ማን እንደሆነ አልጠየቀችም። ቅርጫቷን መሬት ጣል አድርጋ "ወይኔ ወንድሜን!" ስትል ግቢው ተናወጠ።

የቡድኑ መሪ ኮፍያውን አወለቀ። ሌሎቹም ተከተሉት። አንገታቸውን ደፍተው ገቡ፣ ለፎቶግራፉ እጅ ነሱ፣ "እግዜር ያጽናችሁ" አሉን። እኛም መንገዱ አድክሟቸው ሰላምታ ተሳስተዋል ብለን "አሜን" አልን። ተቀመጡ። መሪው አጠገቤ ተቀመጠ። ዝም አሉ።

ዝምታቸውን ስናይ ነገሩ እንዳለቀ ገባን። ፍርዱን በልባቸው ይዘው መጥተዋል፣ ለማውጣት አፍረዋል ብለን እኛም ዝም አልን። እነሱ ደግሞ የእኛን ዝምታ ሐዘን ብለውታል። ንፍሮ ዞረ። ቆንጥረው ወሰዱ። ዝናቡ ሸራውን ይደበድባል። እኔ ዝምታ የምወድ ሰው ነኝ፤ የዚያን ቀኑ ግን ለእኔም በዛብኝ።

መጨረሻ ላይ መሪው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለና በሹክሹክታ፣ "እኚህ ናቸው?" አለኝ፣ ፎቶውን በአገጩ እያሳየ።

"አይደሉም። እሳቸው ደህና ናቸው፤ አገራቸው ናቸው።"

"ታዲያ የሞተው ማን ነው?"

"እስካሁን ማንም" አልኩት። "እናንተን ነው የምንጠብቀው።"

እውነቴን ነበር የመለስኩለት። ቀልድ አላሰብኩም፤ አልችልበትምም። ሰውየው ግን አፍጥጦ አየኝ፣ ድንኳኑን አየ፣ ንፍሮውን አየ፣ ከዚያ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሴቶቹ የሚያለቅስ መስሏቸው "አይዞህ ልጄ" አሉት። ያን ጊዜ ፈነዳ። ነገሩ ለሁሉም ሲገባው ያ ድንኳን አይቶ የማያውቀውን ሳቅ ሳቅን። ያቺ የገበያ ሴት ብቻ ተቆጣች፤ "እንባዬን መልሱልኛ!" አለች።

መሪው ዓይኑን ጠራረገና፣ "እሺ አባቴ፣ ለእርስዎ ጣሊያንኛ ምንዎ ነው?" አለኝ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ጋቢዬን ሳብ ሳብ አደረግኩ። ሰናይት ፊቷ ተለዋወጠ። ያን ጊዜ አስቴር፣ ያቺ ከሰናይት ጋር ቁልፍ ልትገዛ የመጣችው ተማሪ፣ የጌጫ ከተማ ልጅ፣ በጣሊያንኛ፣ "ጋሼ፣ የመንገድ ሥራ ካምፑን ይንገሯቸው" አለችኝ።

በጣሊያንኛ ጀመርኩ። በሌላ አልችለውም ነበር። አስቴር አጠገቤ ቆማ እየተከተለች ወደ አማርኛ መለሰችው። "እኔ" እያለች ነው የምትመልሰው። የእኔን ሕይወት በዚያች ልጅ አፍ፣ በአማርኛ፣ ከጎረቤቶቼ ጋር ተቀምጬ ሰማሁት።

"አባቴ እንደሞተ ከጌጫ በላይ መንገድ ሥራ ገባሁ" አለች። "ደምሴ ከሚባል ልጅ ጋር አንድ ጥንድ ቦት ነበረን። እሱ ሌሊት ይሠራበታል፣ እኔ ቀን። ጠዋት ሲያወልቀው ሙቀቱ ሳይወጣ አጠልቀዋለሁ። የሠራተኞቹ አለቃ ከጣሊያንኛ ሌላ አያውቅም፤ ቋንቋውን ያልያዘ ሥራ አያገኝም። ደምሴና እኔ በቦቱ ቅብብል ላይ በየዕለቱ አንድ አንድ ቃል እንቀያየር ነበር። እሱ ሌሊት የሰማውን ይሰጠኛል፣ እኔ ቀን የሰማሁትን እሰጠዋለሁ።"

ጫማዬን አየሁ። እሷም አየችው።

"አንድ ሌሊት በዝናብ ተራራው ተናደ። ጠዋት ቦቱን ከእግሩ አውልቀው አመጡልኝ። ደምሴ አልመጣም። ተረኛው እኔ ነበርኩ፤ አጠለቅኩትና ሥራ ገባሁ። እዚያው ቀበሩት። ዘመዱን የሚያውቅ አልነበረም። ድንኳንም አልተተከለለትም።"

አስቴር የመጨረሻዋን ስትል ድምፅዋ ተሰበረ፤ ግን አንድ ቃል አልጣለችም። ከገምጋሚዎቹ መካከል ጣሊያንኛ የምታውቅ አንዲት ሴት ነበረች። ብዕሯን ካስቀመጠች ቆይታለች።

ጋሽ ከድር ቀስ ብሎ፣ "አንተ ሰው፣ ይህን ሁሉ ዘመን ግድግዳ ተጋርተን?" አለኝ።

ንፍሮ ዘግኜ ሰጠሁት።

ያቺ የገበያ ሴት፣ "ደምሴ ነው ያልሽው?" ብላ አስቴርን ጠየቀቻት። ከዚያ የዕድሩን ሴቶች አስተባብራ፣ ቅድም ያለ ባለቤት የጀመረችውን ለቅሶ በስሙ ጨረሰችው። እኔም ፊቴን በጋቢዬ ሸፈንኩ። ተገላገልኩ።

ቡድኑ ተነሥቶ ሲሄድ ምንም አላለንም። ያው፣ ከለቅሶ ቤት የሚወጣ ሰው ስለ ሥራ አያወራም። የዕድሩ ልጆች ሸራውን ሊፈቱ ሲሉ ግን ጋሽ ከድር ተቆጣ።

"የማነው ድንኳን በዕለቱ የሚነቀል? ለቅሶ ሦስት ቀን ነው!"

"ጋሼ፣ የዩኒቨርሲቲ ግቢ እኮ ነው!" አለች ሰናይት።

"ሟች ግቢ ይመርጣል?"

ተቀመጥን። ነገሩን የሰማ መምህር ሁሉ እየመጣ ደረሰን፤ በዚያ ክፍል ደጅ አልፎ የማያውቀው ሳይቀር። በሦስተኛው ቀን የፋኩልቲው ዲን መጣ። ክፍሉ ይዘጋ ብሎ የጻፈው እሱ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ጫማውን ከጭቃው አራግፎ ገባ፣ "እግዜር ያጽናችሁ" አለ፣ ተቀመጠ፣ ንፍሮውን ተቀበለ። እንደ ደንቡ ትንሽ ቆየና ወደ ሰናይት ዘንበል ብሎ፣ አልቃሹን እንዳይረብሽ በሹክሹክታ፣ "ይቀጥላል ተብሏል" አላት። "የአስተርጓሚነት ትምህርት ጨምራችሁ።"

ሰናይት ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ዶክተር መስፍን መሬት መሬት አየ። እኔ ደረቴ ውስጥ የነበረው ድንጋይ ሲንከባለል ይሰማኝ ነበር፤ ግን በሐዘን ቤት ምን ይባላል? "እግዜር ይስጥልን" አልን፣ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን።

አስቴር ብቻ አልቻለችም። ተነሥታ በዝናቡ ውስጥ ሮጠች። ከሕንፃው ጀርባ እልልታዋን ሰማን፤ ረጅም ነው፣ መጨረሻ የለውም።

ዲኑ ቀና አለ። "ምንድነው?"

ጋሽ ከድር ንፍሮውን አላመጠ። "እኔ የሰማሁት የለም" አለ።

እኔም አልሰማሁም አልኩ።