ወሬ ለቃሚዋ እና የፋሩቅ ኮምፒውተር

እግዜር ሰፈር ሲፈጥር አንዲት ወሬ ለቃሚ ሳያስቀምጥበት አልሄደም። ለኛ ሰፈር ለክሬተር የደረሰቻት፣ ሰው ሁሉ ኻላ፣ አክስቴ፣ የሚላት ክብርት ይመኙሻል ናት። «ከኔ አትስሙት እንጂ...» ካለች አለቀ፤ ወሬው ከታክሲ ቀድሞ ጀበል ሐዲድ ይደርሳል። ያረገዘች ሴት እንኳ ማርገዟን ከሷ ነው የምትሰማው፣ እናንተዬ!

ፋሩቅ ይፈራታል። የሰው ማመልከቻ የሚጽፍባት፣ ፓስፖርት ስካን የሚያደርግባት ትንሽ ሱቅ አለችው። እሷ ደግሞ ጠዋት ጠዋት የደንበኛ ወንበር ላይ ተሰይማ፣ ማን ምን እንዳጻፈ ትለቅማለች።

አንድ ቀን ኮምፒውተሩ እየጮኸ ቀይ ማስጠንቀቂያ አወጣ። ፋሩቅ «እለፈው» የሚለውን ተጫነ። ደግሞ አወጣ።

«ምን ሆኖ ነው የሚጮኸው?» አለች ኻላ ከወንበሯ።

«ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም ኻላ። ባክዶር አገኘሁ ይላል። ተደብቆ ገብቶ የኋላ በር የሚከፍት ቫይረስ ነው፤ በዚያ በር ሌላ ሰው ከሩቅ እየገባ ፋይል ያያል።»

«በምን ገባ?»

«በነጻ ካወረድኩት ፕሮግራም ጋር ይሆናል። ስጭነው አንቲቫይረሱን አጥፋው ብሎኝ ነበር።»

«ዘበኛህን አባርልኝ ያለህን እንግዳ አስገባህ? አይ ያንተ ነገር! እኔ እንኳ ወሬ ልለቅም ስመጣ በፊት በር ነው የምገባው!» ብድግ ብላ የኢንተርኔቱን ገመድ መዥረጥ። «ወሬ አቀባይ መጀመሪያ መውጫው ነው የሚዘጋበት!»

ፋሩቅ የደወለለት፣ ኾርመክሰር ሰፈር ያለው ኮምፒውተር ጠጋኝም በስልክ የሷኑ ቃል ደገመ። ገመዱን ንቀል፤ አንቲቫይረሱ ያገኘውን ለይቶ ይቆልፍበት፤ ማሽኑን በሙሉ አስፈትሸው። እዚያ ላይ ኢሜይሉን የከፈተ ሰው ሁሉ የይለፍ ቃሉን በሌላ ማሽን ይቀይር።

ፋሩቅ ስልኩን ዘጋ። «ከተናገርኩ ወረቀቱን አምኖ ማን ይሰጠኛል? ሱቄ መዘጋቷ ነው። ዝም ካልኩ ደግሞ ሰው ይጎዳል። ኻላ፣ በአላህ ይሁንብዎ፣ ለማንም እንዳይናገሩ፤ እስቲ ላስብበት...»

ቀና ሲል የለችም። ሻሿን አጥብቃ ወጥታለች። ፋሩቅ ቁጭ ብሎ ውርደቱን ጠበቀ።

በማግስቱ ሰው ስልክ ስልኩን ይዞ ግር ብሎ መጣ፤ ግን እየሳቀ።

«አንተ ምስኪን!» አለችው ጎረቤቱ ሻዲያ። «ኻላ ይመኙሻል የሰርግ ቪዲዮ አሳየኝ ብላ የተበከለ ፍላሿን ሰክታብህ ነው አሉ! ራሷ ናት ቤት ለቤት ዞራ የነገረችን። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ልጁን ተዉት፣ የይለፍ ቃላችሁን ግን ዛሬውኑ ቀይሩ ብላ አስምላናለች።»

በሰላሳ ዓመት ወሬዋ፣ ጥፋተኛዋ እሷ የሆነችበት አንድም የለም።

ሰው ሲቀልል መጣች። ወንበሯን ወደሱ ሳበች።

«ስማኝ የኔ ልጅ፣ ፍላሽ የሚሉት ምንድን ነው? መልኳን ሲጠይቁኝ ቀይ ናት ብያለሁ።»

ፋሩቅ መሳቢያውን በረበረ፤ ያለው ጥቁር ብቻ ነው። ሱቁን ከነሰፈሩ ሚስጥር ለሷ ጥሎ፣ ቀይ ፍላሽ ሊገዛላት ወጣ።