የተጠገነው ካሴትና የጠፋው የፊልም መጨረሻ

ዕለት፦ እሑድ ግንቦት 14 ቀን 1980 ዓ.ም.
ሰዓት፦ ለጧቱ 3፡00 ተጠርቶ 4፡20 ተጀመረ።
ቦታ፦ ከሃያ ሁለት ማዞሪያ ወደ ቦሌ በሚወስደው መንገድ የሚገኘው የቀበሌያችን አዳራሽ። የቀበሌው ቁጥር በማኅተሙ ላይ ስለሚታይ እዚህ መድገም አላስፈለገም።

የተገኙ፦
1. ጓድ አስፋው ወልደጊዮርጊስ፣ ሊቀ መንበር
2. ጓድ የሻሽወርቅ፣ የሴቶች ማኅበር ተወካይ
3. ጓድ አብዱልናስር፣ የኅብረት ሱቅ ኃላፊ
4. ጓድ ፍስሃ፣ የንብረት መዝጋቢና የዚህ ቃለ ጉባኤ ጸሐፊ

ያልተገኙ፦ ጓድ ጉዲና በለቅሶ ምክንያት፤ ሌሎች ሁለት አባላት ደግሞ ባለፈው ስብሰባ ባዶ ወንበር ስላላገኙ በኩርፊያ። ከሰባቱ አራቱ በመገኘታቸው ምልዓተ ጉባኤው መሟላቱ ተረጋግጧል።

በጥሪ የቀረቡ፦ ጓድ ገብረእዝጊ፣ የአውቶቡስ መካኒክ፣ አቤቱታ አቅራቢ።

አጀንዳ አንድ፦ ከጓድ ገብረእዝጊ ቤት ስለተያዘው የቪዲዮ ካሴት

ሊቀ መንበሩ የነገሩን አመጣጥ አስረዱ። በመጋቢት ወር ጓድ ገብረእዝጊ ያለ ስብሰባ ፈቃድ ስልሳ ሦስት ሰው ሳሎናቸው አስገብተው ፊልም ማሳየታቸውን፣ በዚያው ሰዓት በተጠራው የቀበሌ ስብሰባ ግን ዘጠኝ ሰው ብቻ መገኘቱን፣ ከዘጠኙም ሁለቱ ዝናብ ለመጠለል የገቡ መሆናቸውን ገለጹ። ካሴቱ የተያዘው በደንቡ መሠረት እንጂ በቂም አለመሆኑን ሦስት ጊዜ ተናገሩ። ጸሐፊው ሦስቱንም መዝግቧል።

ጓድ ገብረእዝጊ ካሴቱ እንዲመለስላቸው ጠየቁ። ፊልሙን አርባ አንድ ጊዜ ማየታቸውን፣ እንግሊዝኛ እንደማይችሉ፣ ፊልሙም እንግሊዝኛ እንደማይፈልግ አስረዱ። ታሪኩ ከጨረቃ ወዲያ ባለ የማዕድን ሥፍራ የሚፈጸም ነው። አንድ ዓይን ብቻ ያላቸው የብረት ዘበኞች በሠራተኛው ላይ ይነሣሉ፤ አንዲት የጭነት መንኮራኩር ሾፌር ደግሞ እየተዋጋች ሰዎቹን ታወጣለች። ሾፌሯ የጠፋውን ሞተር በገዛ ቀበቶዋ አስራ የምታስነሣበት ቦታ ላይ ሲደርሱ ከወንበራቸው ተነሥተው በእጃቸው አሳዩ። ሊቀ መንበሩ እንዲቀመጡ አዘዟቸው። ተቀመጡ፤ እጃቸው ግን ማሰሩን አላቆመም።

ባለ አቤቱታው በራሳቸው አነጋገር እንዲህ አሉ፦ «ጓድ ሊቀ መንበር፣ ይቺ ሴትዮ ዝም ብላ የምትተኩስ አይደለችም። መካኒክ ናት። መፍቻ አያያዟን ብቻ ይዩላት።»

ሊቀ መንበሩ አያያዟን ማየታቸውን፣ በእርግጥም ጥሩ መሆኑን ካመኑ በኋላ ወዲያው ይህ እንዳይጻፍ አሳሰቡ። ከረጅም ውይይት በኋላ ካሴቱ በቀበሌው እጅ እንዲቆይ በሦስት ድጋፍና በአንድ ድምፀ ተአቅቦ ተወስኗል። ድምፀ ተአቅቦው የጸሐፊው ነው።

አጀንዳ ሁለት፦ ፊልሙ ለሰፊው ሕዝብ ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል

ኮሚቴው ፊልሙን ለምርመራ ሰባት ጊዜ መመልከቱ ተገልጿል። በስድስተኛው ምርመራ ላይ የጓድ የሻሽወርቅ እኅትና አራት ልጆቿ የተገኙት በታዛቢነት ነው።

ጓድ አብዱልናስር የብረት ዘበኞቹ ያለ ደመወዝ፣ ያለ ዕረፍትና ያለ ሠራተኛ ማኅበር የሚሠሩ ስለሆኑ ያልተደራጁ ወዝአደሮች ተብለው እንዲመዘገቡ ሐሳብ አቀረቡ። ጓድ የሻሽወርቅ ወዝአደር ወዝአደርን በጨረር እንደማይመታ ጠቅሰው ተቃወሙ። ጓድ አብዱልናስር ጓድ የሻሽወርቅ ፊልሙን ሲያዩ ሹራብ እየሠሩ ስለነበር ብዙ ነገር እንዳመለጣቸው ተናገሩ። ጓድ የሻሽወርቅ የኅብረት ሱቁ ስኳር የሚያልቀውም አንድ ሰው ፊልም ስለሚያይ መሆኑን ጠቆሙ። ሊቀ መንበሩ ሁለቱንም ገሠጹና የሾፌሯ መሣሪያ ፈቃድ የሌለው መሆኑ ለምን እንደማይነሣ ጠየቁ።

ከረጅም ውይይት በኋላ ዘበኞቹ በወዝአደርነት እንዲመዘገቡ፣ ሾፌሯ በሌለችበት የሴቶች ማኅበር የክብር አባል እንድትሆን፣ መሣሪያዋንም ለቀበሌው እንድታስረክብ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል።

አጀንዳ ሦስት፦ ልዩ ልዩ

ሊቀ መንበሩ ምርመራው የተሟላ እንዲሆን ባለ አቤቱታው የፊልሙን መጨረሻ በቃል እንዲያስረዱ ጠየቁ። ጓድ ገብረእዝጊ፣ «ሰባት ጊዜ አይታችሁት የለም እንዴ?» አሉ። ሊቀ መንበሩ ኮሚቴው የእርሳቸውን አስተያየት መስማት እንደሚፈልግ ገለጹ። ጥያቄው ተደገመ። ጓድ የሻሽወርቅ ወደ ጣሪያው ተመለከቱ፤ ጓድ አብዱልናስር ብዕራቸውን ፈቱ።

በዚህ ጊዜ ጸሐፊው እጁን አወጣ። ካሴቱ ገቢ ሲሆን ጎኑ ላይ ትንሽ ስብራት ማየቱን፣ ንብረት ተሰብሮ መዝገብ ላይ እንዳይሰፍር ስብራቱን በፕላስተር መጠገኑን፣ ለዚህም በስብሰባ መመስገኑን አስረዳ። ሚያዝያ 23 ቀን ሊቀ መንበሩ ስለ ጓሮ አትክልት ያደረጉትን ንግግር በውሰት ካሜራ ለመቅረጽ ሲፈለግ ባዶ ካሴት አለመገኘቱን፣ በእጅ ያለውም ይኸው ብቻ እንደነበር ጨምሮ ተናገረ።

ጓድ አብዱልናስር ነገሩን ሲያጠቃልሉ፣ «ሾፌሯ መሪውን ልትይዝ እጇን ስትዘረጋ ጓድ ሊቀ መንበር ብቅ ይሉና ስለ ጎመን ይናገራሉ። ሰባት ጊዜ አየን፣ ሰባት ጊዜ ጎመን» አሉ።

ጓድ ገብረእዝጊ ካሴቱን ተቀብለው ፕላስተሩን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። ብልሽት አለመሆኑን፣ ያ ቦታ ሲሰበር ካሴቱ ላይ ሌላ ነገር መቅረጽ እንደማይቻል፣ በፕላስተር ሲደፈን ግን እንደሚቻል፣ የሰበሩትም እርሳቸው ራሳቸው በጠመንጃ መፍቻ መሆኑን አስረዱ። መቼ እንደሰበሩት ተጠየቁ። ታናሽ ወንድማቸው ገብረዋሕድ ለብሔራዊ ውትድርና የተወሰደ ዕለት ማታ መሆኑን መለሱ። ከአርባ አንዱ ሠላሳውን አብረው እንዳዩት፣ መጨረሻው ላይ ወንድማቸው ሁልጊዜ ብድግ ብሎ «አሁን ትዞራለች» ይል እንደነበር፣ ካለፈው ዓመት ታኅሣሥ ወዲህ ደብዳቤ አለመምጣቱን ተናገሩ። «ሲመጣ እንዳይጠፋበት ብዬ ነው» አሉ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ጸሐፊው ከፍ ቢያደርጉ ይመርጥ ነበር።

ሊቀ መንበሩ ይቅርታ ጠየቁ። በዚህ መዝገብ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ሲገባ የመጀመሪያው ነው። ቀጥለውም ባለ አቤቱታው ፈቃዳቸው ከሆነ ብቻ መጨረሻውን እንዲነግሩ፣ ጸሐፊውም አንድ ቃል ሳይጥል እንዲጽፍ አዘዙ። የተነገረው የሚከተለው ነው፦

«ነዳጁ ለመመለሻ ብቻ ነው የሚበቃው። የወጡት አሥራ አንዱም ደክሟቸው ተኝተዋል። በሩን ከውስጥ የዘጋላቸው ሽማግሌው በያጅ እዚያው ቀርቷል፤ በሬዲዮ፣ ሂዱ፣ ሂዱ ይላታል። እሷ ሬዲዮውን ትዘጋለች። ነዳጅ እንዲተርፋት መብራቱን በሙሉ ታጠፋለች፣ ማሞቂያውንም። ጃኬቷን ለአንዱ ታለብሳለች። ከዚያ መሪውን ትይዛለች። ትዞራለች።»

ጓድ የሻሽወርቅ ደረሰችለት ወይ ብለው ጠየቁ። ጓድ ገብረእዝጊ፣ «እሱን አያሳይም። መዞሯን ብቻ ነው የሚያሳየው» ሲሉ መለሱ። ጓድ የሻሽወርቅ ሹራባቸውን ከቦርሳቸው አውጥተው ሳይሠሩበት መለሱት።

ከአጭር ውይይት በኋላ በሙሉ ድምፅ የሚከተለው ተወስኗል፦

በአጀንዳ አንድና ሁለት የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል። ካሴቱ ለባለቤቱ ይመለስ። የብረት ዘበኞቹ ከወዝአደርነት ይሰረዙ፤ ሾፌሯም መሣሪያዋን ትያዝ። የሊቀ መንበሩ ንግግር ከካሴቱ ላይ የሚወጣበት መንገድ ስላልተገኘ ሊቀ መንበሩ እንዳልተናገሩት ይቆጠር። ከዚህ ቃለ ጉባኤ የፊልሙ መጨረሻ ብቻ ጸንቶ፣ በሁለት ቅጂ ተጽፎና የቀበሌው ማኅተም አርፎበት ለጓድ ገብረእዝጊ ይሰጥ።

ጓድ አብዱልናስር ሁለተኛው ቅጂ ለማን እንደሆነ ጠየቁ፤ ወዲያውም ጥያቄያቸውን ሳቡ።

ስብሰባው ከቀኑ 6፡50 ተዘግቷል።

የቅጂ ርክክብ፦
አንደኛ ቅጂ ተቀባይ፦ ገብረእዝጊ። ፈርመዋል።
ሁለተኛ ቅጂ ተቀባይ፦ ገብረዋሕድ። የፊርማው ቦታ በሊቀ መንበሩ ትእዛዝ ክፍት ተትቷል፤ ሲመጣ ይፈርማል።