እሑድን አውሮፓ ያዞራት ሰው

አንድ ቃል አውሮፓን ዞሮ ካልመጣ ትርጉም ያለው የማይመስለው ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኛ አቃቂ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ አንድ አለን፤ የአለቃው ጸሐፊ ጋሼ ተሰማ።

አንድ ቅዳሜ መውጫው በር ላይ ቆመና፣ «ነገም ሥራ አለ። ያልመጣ ሰኞ በሩ አይከፈትለትም» አለን።

«ነገ እኮ እሑድ ነው፣ ጋሼ! ጃንሆይ እንኳ ያስቀድሳሉ።»

ምን ያድርግ? አስተማረን። ጣሊያን «ዶሜኒካ»፣ ፈረንሳይ «ዲማንሽ» ሲሉ የጌታ ቀን ማለታቸው ነው። ሩሲያ ደግሞ «ትንሣኤ» ብሎ ይጠራታል። እንግሊዝና ጀርመን ግን የሚሏት የፀሐይ ቀን ነው።

«አለቃችን እንግሊዛዊ ነው» ብሎ ደመደመ። «ስለዚህ ነገ የፀሐይ ቀን ነው። በፀሐይ ቀን መሥራት ኃጢአት የለበትም።»

ልብ በሉ፤ ከሮም እስከ በርሊን ሲያዞረን አቃቂን የጠየቃት የለም።

ፈታይዋ እትዬ ብዙነሽ ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ተሰማ ልጄ፣ አለቃህ በፀሐይ ቀን የት ነው የሚውለው?»

«እ... ቢሾፍቱ። ሐይቁ ዳር ያርፋል።»

«እንግዲያው እኛም እንደ እንግሊዝ እናርፋለን» አሉና መንገዳቸውን ቀጠሉ። ተከተልናቸው።

በማግስቱ አንድም ሰው አልሄደም። እውነቱን ለመናገር፣ ሌሊቱን እንጀራዬን እያሰብኩ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሰኞ ማለዳ ሁላችንም በሩ ላይ ቆምን። የከፈተልን ራሱ ጋሼ ተሰማ ነው። ምን ያድርግ? አምስት የአውሮፓ ቋንቋ ተሰብስቦ አንድ ክር አልፈተለለትም።