ተኩሱ መሃል የምትቀመጠው እናት

ልጁን ለጌም አስረክቦ እፎይ ያለ ወላጅ ባለበት ሕንፃ ሁሉ፣ እንቅልፍ የምትነሳው አንዲት እናት አትጠፋም። የእኛዋ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የምትኖረው። ሥራዋ ሆስፒታል ውስጥ ቁስል ማጠብና መስፋት ነው፤ እኛ ግን፣ በሌለችበት፣ "ክብርት ኮሚሽነር" እንላታለን።

ክብርት ኮሚሽነር ሁለቱን ወንዶች ልጆቿን የተኩስ ጌም አልከለከለችም። ብትከለክላቸው ይሻላቸው ነበር። ሶፋው ላይ መሃላቸው ገብታ ትቀመጣለች። የአሥር ዓመቷ ልጄም ቅዳሜ ቅዳሜ እነሱ ጋ ስለምትጫወት፣ አንድ ቀን ልጠራት ወጥቼ ጉዱን በዓይኔ አየሁ።

"አቁም!" አለች ኮሚሽነሯ። ትልቁ ልጇ አቆመ። "ይሄ ሰውዬ ምኑን ነው የተመታው?"

"ሆዱን፣ እማዬ።"

"ሆዱን ተመትቶ ነው አጥር የሚዘለው? እኔ ጋ የሚመጡት ውሃ መጎንጨት እንኳ ያቅታቸዋል።"

"ጌም እኮ ነው!"

"እሺ፣ የማን ልጅ ነው?"

"ማን?"

"አሁን የገደልከው።"

ልጁ መጫወቻውን ለታናሹ ወረወረለት። ታናሹም ብዙ አልሄደም፤ "አቁም!" ተባለ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ሦስት ሰው ብቻ ሞቶ፣ ለሁለቱ ቤተሰብ ተገኝቶላቸው ነበር።

ስንወጣ በር ላይ ያዘችኝ። "ጎረቤቴ፣ ልጅህ ቤት ስትሆንስ ምን እንደምትጫወት ታውቃለህ?"

"እንዴ! የመኪና እሽቅድምድም ነዋ! እኔ እኮ ቀልድ አላውቅም" አልኩ ደረቴን ነፍቼ።

ልጄ አጎንብሳ የጫማዋን ክር ማሰር ጀመረች። ጫማዋ ክር አልነበረውም።

ቤት ገብቼ ተንጨረጨርኩ። "እሷ ማን ናትና ነው የምትጠይቀኝ?" አልኳት ባለቤቴን።

"ግን አይተህ ታውቃለህ?"

"አንቺስ?"

እሷ ወደ ወጥ ቤት ገባች፤ እኔ ቴሌቪዥን ከፈትኩ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ኮሚሽነሯ ለሥልጠና ሌላ ከተማ ሄዳ ስለነበር፣ ልጄ ክፍሏ ሆና ተጫወተች። እኔ ሳሎን ስልኬን ስነካካ ቆየሁና፣ የባለቤቴ ጥያቄ አላስቀምጥ ሲለኝ ተነስቼ በሩን ከፈትኩ። ስክሪኑ ላይ ሰፈር ሙሉ በእሳት ይቃጠላል፤ ሰው ይጮኻል። ልጄ አልጋዋ ጫፍ ላይ ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣለች፤ ትከሻዋ ጆሮዋ ድረስ ወጥቷል። ልጮህባት አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

"አባዬ፣ ና ተቀመጥ። ብቻዬን ስሆን ያስፈራኛል።"

"ታዲያ ለምን ትጫወቻለሽ?"

"እነሱ ጋ እኮ አያስፈራም። እትዬ አጠገባችን አለች።"

አጠገቧ ተቀመጥኩ። ስንት ጊዜ ብቻዋን እንደፈራች ልጠይቃት ፈለግሁ፤ መልሱን ፈራሁት። ጥቂት ቆይታ ጌሙን ራሷ አጠፋችው። ካርታ አውጥተን ተጫወትን፤ አራት ጊዜ አሸነፈችኝ፣ አንዱን አጭበርብራ።

ክብርት ኮሚሽነር የተመለሰች ዕለት ደረጃው ሥር አገኘኋት። ሻንጣዋን ነጥቄ ሽቅብ ወጣሁ። ድንጋይ የሞላችበት ነው የሚመስለው።

"ምን ነካህ? አሞሃል እንዴ?" አለችኝ፣ በነርስ ዓይን እየመረመረችኝ።

"ልጄን ናፍቀሻታል" አልኩ እያለከለክሁ። እኔንም ናፍቃኝ እንደነበር ግን፣ እንዳትኮራብን ብዬ፣ ዋጥኩት።